የአምስተኛዋ ሴት ስም

ይህን የምጽፈው ሁለት ዓይነት ሰው እንዲያነበው ብዬ ነው። አንደኛው መርሳት ጀምሮት ለማንም ያልተናገረ ሰው ነው። ሁለተኛው ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር የሚኖር ነው። ሌላውም ቢያነበው አልጠላም፤ ግን የሽማግሌ ሕመም ወሬው ረጅም ስለሆነ ቶሎ ይሰለቸው ይሆናል።

ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጣሁና አሁን ደብረ ማርቆስ እኖራለሁ። ያላስታወስሁትን ባለቤቴ ብርቱካንና ልጄ ትዕግሥት ሞልተውልኛል፤ የስሙን ነገርና መጨረሻ ላይ ያለውን ግን ብቻዬን ነው የጻፍሁት። የሙሽሮቹን ስም ቀይሬዋለሁ። ለምን እንደቀየርሁት ስታነቡ ይገባችኋል።

ከማስተማሩ ሌላ አንድ ሥራ ነበረኝ፤ ደመወዝ የለውም፣ ግን እኮራበት ነበር። በእኛ አገር ልጅ ከመዳሩ በፊት የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። በአባትም በእናትም በኩል ወደላይ፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ እስከ ሰባተኛው ይወጣሉ። ሁለቱ ልጆች እዚያ መሀል አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ዘመዳሞች ናቸውና ነገሩ ይቀራል፤ ጠላው ተጠምቆ፣ ዘመድ ተጠርቶም ቢሆን ይቀራል። በቤተሰባችን ቆጣሪው እኔ ነበርሁ፤ ከእናቴ ነው የተማርሁት። "ጻፈው እንጂ" ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ሰው ሁሉ ፊደል እንዲቆጥር ስጮህ የኖርሁ መምህር፣ ይቺን አንዲት ነገር ሳልጽፋት ቀረሁ። ከደብተር እያነበበ ዘር የሚቆጥር ሽማግሌ አይቼ አላውቅም፤ ቢያደርገው ይሳቅበት ነበር። ከአፍ ሲወጣ ነው የሚታመነው። ያኔ ኩራት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሞኝነት ነው።

መሠረት የሟች ወንድሜ ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት የአሥር ዓመት ልጅ ነበረችና ያደገችው እኛ ቤት ነው ማለት ይቻላል። ያጫት ቤተሰብ ከቁይ ነው፤ ልጁን ደሳለኝ እንበለው። ሽማግሌዎቹ ቤቴ መጥተው ተቀመጡ። የአባቷን ወገን ያለ ችግር ጨረስሁት። ከዚያ በአባቷ እናት በኩል ጀመርሁ። "መሠረት" አልሁ፤ "አባቷ ወንድሜ፤ እሱን የወለደች እናታችን፤ እናታችንን የወለደች አያታችን" አልሁና አራት ደረስሁ። አምስተኛዋ የለችም።

ምላሴ ላይ ያለች ግን አልመጣ ያለች አልነበረችም፤ ያ በማንም ይደርሳል። ቦታው ራሱ ባዶ ነበር። ሳልሁ። ውሃ ጠየቅሁ። ከቁይ የመጡት ትልቁ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ይጠብቁኛል። ቢጨንቀኝ "ወለተ ማርያም" አልሁ፤ የክርስትና ስም መሆኑ ነው። በጎጃም ወለተ ማርያም የምትባል አያት የሌለው ሰው ካለ ባየው ደስ ይለኛል። ማንም መልሶ አልጠየቀኝም። ከሷ በላይ ያሉትንም ጠራሁ፤ የማን አያቶች እንደነበሩ እንጃ። ቀጥሎ እሳቸው የልጁን ቆጠሩ፤ በነሱ በኩል አምስተኛዋ ሴት የውብዳር የምትባል ነበረች። "አልተገናኙም" ተባለ፣ ተመረቀ፣ በጥር ተጋቡ።

እኔ ግን የሠርጉ ዕለት እንቅልፍ አጣሁ። የኔዋ አምስተኛ ያቺው የውብዳር ብትሆንስ? አያቴ የተወለደችው ከቁይ ብዙም በማይርቅ ቦታ ነው። ያቺ ከሆነች ዘመዳሞችን ያጋባሁት እኔ ነኝ። የእናቴን ወገን አጥርቶ የሚያውቅ አንድ የአክስቴ ልጅ ነበር፤ ከሠርጉ በፊት ሞተ። ወደ ቁይ ሄጄ ላጣራ ብል፣ ገና ስጠይቅ ወሬው ተነሥቶ ትዳሩን ያፈርሰዋል። ስለዚህ ያለኝ የገዛ ጭንቅላቴ ብቻ ነበር። ከሕመሜ ጋር የተያያዝሁትም ለዚህ ነው፤ የፈለግሁት መዳን ሳይሆን የአንዲት ሴት ስም ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየጠና መጣ። አንድ ቅዳሜ ከገበያ በርበሬ ገዝቼ ባጃጅ ያዝሁ፤ ሰፈሩን ነገርሁት፣ አወረደኝ፣ በር አንኳኳሁ። አንዲት ወጣት ሴት ከፈተች።

"ማንን ፈለጉ አባባ?"

"ቤቴ ነው" አልኋት፣ ተቆጥቼ። "አንቺ ማን ነሽ?"

ሳላገባ፣ ጀማሪ መምህር ሳለሁ የተከራየሁት ቤት ነበር። ልጅቱ አልሳቀችብኝም። ወንበር አወጣችልኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ፣ ስልኬን ተቀብላ ብርቱካን ጋ ደወለች። ባለቤቴ እስክትመጣ ድረስ ስለ በርበሬው ዋጋ እያነሣች አጫወተችኝ። ስሟን አልጠየቅኋትም፤ ብጠይቃትም አልይዘውም ነበር። እግዚአብሔር ይስጣት።

አንድ የግል ክሊኒክ ሄድን፤ ትኩሳት ሳይኖርብኝ ታይፎይድ ነው ተባልሁና መድኃኒቱን ዋጥሁ። ሌላው ዘንድ ስንሄድ "ነርቭ ነው" ተብሎ መርፌ ተወጋሁ። ሦስተኛው እንቅልፍ እንደማጣ ስነግረው ለእንቅልፍ የሚሆን ክኒን ጻፈልኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፣ ለሷ መልስ ሰጠ። እንቅልፉስ መጣ። ግን አፌ እንደ ኩበት ደረቀ፣ ቀኑን ሙሉ ጭጋግ ውስጥ ሆንሁ። በገዛ ቤቴ ብርቱካንን መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቅኋት። ትዕግሥትን በሞተች እኅቴ ስም ጠርቻት ሳቀች፤ ከዚያ ወጥታ ጓሮ ስታለቅስ ሰማኋት።

ቤታችንም ተበጠበጠ። ትዕግሥት "አዲስ አበባ ይሂዱ" ትላለች፣ እናቷ "ጸበል ይግባ" ትላለች። ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው "እሱ እኮ"፣ "እሳቸው እኮ" እያሉ ይጨቃጨቃሉ። እኔ ልክ እንደ አንድ የት ይቀመጥ እንደሚባል ቁም ሳጥን መሀል ቤት ቁጭ ብያለሁ። አንድ ቀን "እዚሁ ነኝ እኮ!" ብዬ ጮህሁባቸው። ሁለቱም ደነገጡ፣ እኔም ከነሱ የባሰ ደነገጥሁ።

ጸበሉ ቀደመ። ሁለት ሳምንት ተጠመቅሁ፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ተሻለኝ። አጥማቂው ካህን ጥሩ ሰው ነበሩ፤ "ሐኪምም ዘንድ ይሂዱ፣ በሁለቱም የሚሠራው እሱ ነው" አሉኝ። ቤት ስንመለስ እንደገና ጭጋጉ ወረደ። የእንቅልፍ ክኒኑን ጸበል ስንሄድ ረስተነው ሄደን ነበርና ስንመለስ ነው እንደገና የጀመርሁት። ያኔ ይህን ማንም ከማንም ጋር አላገናኘውም።

ሆስፒታል ስንሄድ አግዳሚው ሞልቷል። ካርድ አውጥተን ስንጠብቅ የፈራሁት ምርመራውን አልነበረም። ስሜ ሲጠራ ስሜ መሆኑን ባላውቅስ የሚል ነበር። ብርቱካን ወረቀት ልታስመታ ሄዳ ስለነበር አጠገቤ ለተቀመጠች አንዲት የገጠር ሴት ሹክ አልኋት። "ግድ የለም፣ እኔ እሰማልዎታለሁ" አለችኝ። የራሷ ተራ አልፎ እንኳ የኔ እስኪጠራ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ሰው ስታነጋግር አትቸኩልም። ሦስት ቃል ነገረችኝና "ኋላ እጠይቅዎታለሁ" አለች። ከዚያ ወረቀት ሰጠችኝ።

"አባቴ፣ ሰዓት ይሳሉልኝና አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ያድርጉት።"

"በኛ ነው በፈረንጅ አቆጣጠር?" አልኋት። ጊዜ መግዣ ነበረች።

ሳቀች። "በፈለጉት።"

ክቡን ሣልሁ። ቁጥሮቹን ስጽፍ አሥራ ሁለቱም በቀኝ በኩል ተከማቹ፤ ግራው ባዶ ቀረ። በኛም በፈረንጅም ማድረግ አልቻልሁም። ሰዓት ማንበብ ያስተማርኋቸው ልጆች ቁጥር ስፍር የላቸውም። ሦስቱን ቃላት ስትጠይቀኝ አንዱን ብቻ፣ "ሎሚ" አልሁ። ብርቱካን መስኮት መስኮቱን ታይ ነበር።

ሐኪሟ "የሚውጡትን ሁሉ አሳዩኝ" ስትል ብርቱካን ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ሐኪሟ ከዚያ ሁሉ መሀል የእንቅልፍ ክኒኑን አነሣች። ይህ ዓይነቱ ክኒን በአዛውንት ላይ ማስታወስን እንደሚያደክም፣ አንጎል ለማስታወስ የሚጠቀምበትን አንድ ንጥረ ነገር እንደሚያግድ ነገረችን። ቀስ በቀስ አስተወችኝ። በአንድ ወር ውስጥ ጭጋጉ ግማሹን ተነሣ። የጸበሉን ነገር ብርቱካን ስትነግራት ፈገግ ብላ "እሱንም ደግ አድርገዋል" አለች፤ ባለቤቴም አልተከራከረችም። ይህን የምታነቡ፣ እባካችሁ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የምትውጡትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድም ሳትደብቁ።

የቀረው ግማሽ ግን አልተነሣም። የጭንቅላት ፎቶ ለመነሣት አዲስ አበባ ተላክሁ። ደጀንን አልፈን ዓባይን ስንወርድ ትዕግሥት እጄን ይዛኝ ነበር፤ ልጅ ሳለች እኔ ነበርሁ የምይዛት። ውጤቱን ይዘን ለዚያችው ሐኪም ተመለስን። ለማስታወስ የሚሠራው የአንጎሌ ክፍል እንደተኮማተረ፣ አልዛይመር የሚባለው ሕመም መሆኑን፣ ገና በጅምሩ እንደሆነ ነገረችን። ዶኔፔዚል የሚባል ክኒን ጻፈች። የእንቅልፉ ክኒን የሚያግደውን ያን ንጥረ ነገር ይህኛው ቶሎ እንዳይበላሽ ያቆየዋል አለች፤ እስካሁን ስውጥ የከረምሁት ተቃራኒውን ነው።

"የጠፋ ስም ይመልሳል?" አልኋት።

"የማን ስም አባቴ?"

"እንዲሁ፣ የጠፋ ስም።"

"የሄደውን አይመልስም። ያለው ለጊዜው እንዲበረታ ያግዛል፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ ጥሩ ይሠራል፣ በአንዳንዱ ላይ ጭራሽ አይሠራም። ሕመሙን ግን አያቆመውም። አንድ ነገር ደግሞ ልንገርዎት፤ አእምሮ ባዶ ቦታ አይወድም። ከሰማውም ካሰበውም አምጥቶ ይሞላዋል፣ ለባለቤቱ ግን እውነተኛ ትዝታ ሆኖ ነው የሚታየው።"

ትዕግሥት ስልኳ ላይ ያየችውን ጠየቀች፤ ውጭ አገር በደም ሥር የሚሰጥ አዲስ መድኃኒት አለ አሉ፣ አንጎል ላይ የተከማቸውን ቆሻሻ የሚያጠራ። ሐኪሟ አልናቀቻትም። "አለ" አለቻት። "እዚህ አይገኝም። ቢገኝም አንጎል ውስጥ መድማት እንዳያመጣ ተደጋጋሚ ፎቶ ይፈልጋል። እሱም ሕመሙን ትንሽ ያዘገያል እንጂ የጠፋውን አያመጣም።" ልጄ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

እኔ ግን "የሄደውን አይመልስም" ያለችውን ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንሁ። ሐኪም ሁሉን አያውቅም፣ ምናልባት ያቺ ሴት አልሄደችም፣ ተደብቃ ይሆናል አልሁ። በየጠዋቱ ክኒኗን ስውጥ የምለምነው ይህንኑ ነው።

ክኒኗ መጀመሪያ አልተስማማችኝም። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበርና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ጠዋት በባዶ ሆዴ እውጣታለሁ። ያቅለሸልሸኛል፣ ሆዴን ያጣድፈኛል፣ ለማንም አልናገርም። አንድ ቀን ደጃፍ ላይ ራሴን ስቼ ወደቅሁ። የልብ ምቴ ከልክ በላይ ዝግ ብሎ ነበር፤ ሐኪሟ መጠኑን ቀንሳ "ምግብ ቀምሰው ካልሆነ አይውጡ" አለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ጾም ሽሬ አላውቅም። የንስሐ አባቴ "ብላ ተብለሃል፣ ብላ" አሉኝ። ብርቱካን በሁለት ሰዓት ሽሮ ስታቀርብልኝ፣ እሷ ጾማ እኔ ስበላ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። መድኃኒቱም በከተማችን የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ የትዕግሥት ጓደኛ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሹፌር ትልክልናለች። ዋጋውን ስንት እንደሆነ አይነግሩኝም፣ እኔም መጠየቁን ትቻለሁ።

ከሦስት ወር በኋላ ለውጥ አየሁ፤ አልዋሽም። ጋዜጣ ጀምሬ እጨርሳለሁ። የእሑድ ስብከት ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ይገባኛል። ሰው ሲያወራኝ የሚለውን ሳልስት እከተላለሁ። ብርቱካን ጠዋት ጠዋት ፊቴን አየት ታደርግና "ዛሬ ደህና ነህ" ትለኛለች፤ በዚያ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ይውላል።

እንዲህ ባለ ደህና ቀን፣ ደጅ ፀሐይ ስሞቅ፣ ስሟ መጣ። እናቴ ጥጥ እየፈተለች ስትናገር ሰማኋት፤ ድምጿም አነጋገሯም የራሷ። "የውብዳር እኮ የናቴ እናት ናት" አለች። ከዚያ የጎደለው ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። የቁዩ ሽማግሌ የቆጠሯት ያቺው የውብዳር ናት። አምስተኛው ላይ ይገናኛሉ። መሠረትና ደሳለኝ ዘመዳሞች ናቸው፣ ያጋባኋቸውም እኔ ነኝ።

ብድግ ብዬ ቁጭ አልሁ። የለመንሁትን ሰጠኝ፤ ምነው ባልሰጠኝ። መሠረት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እሑድ ልትጠይቀኝ መጣች፣ ጉንጬን ሳመችኝ፣ "ጋሼ፣ ዛሬስ ማን ነኝ?" አለችኝ፤ ሁልጊዜ የምትቀልደው ነው። "መሠረት ነሽ" አልኋት። "አየህ! አድነውሃል!" ብላ አጨበጨበች። ሆዷን ላለማየት ግድግዳውን ሳይ ዋልሁ።

ብናገር ቤቷ ይፈርሳል፣ ልጇም ሲወለድ ስሙ በሰው አፍ ይገባል። ዝም ብል ደግሞ እየረሳሁት ልሞት ነው፤ እግዚአብሔር ዘንድ ስቀርብም ረሳሁት ልል ነው? ስንት ቀን እንደተሸከምሁት አላውቅም፤ ሳምንት ይመስለኛል። በመጨረሻ ለብርቱካን ልነግራት ቆረጥሁ። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር የደበቅኋት ነገር ይህ ብቻ ነው። ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥሁ። ከቆጠራው ቀን ጀምሬ፣ ሳሌን፣ ወለተ ማርያምን፣ የእናቴን ድምፅ፣ ሁሉንም ነገርኋት። እንባዬ ይወርድ ነበር።

እጇን ከሰፌዱ ላይ አላነሣችም።

"ነግረኸኛል" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ይኸንኑ። የዛሬው አራተኛህ ነው።"

ረጋ ብላ፣ ለልጅ እንደሚነገር፣ ነገረችኝ። "መጀመሪያ የውብዳር ናት ብለህ አለቀስህ። ቀጥሎ የለም፣ ተሳስቻለሁ፣ ጥሩነሽ ናት፣ ልጆቹ አይዛመዱም ብለህ ተነሥተህ አቀፍኸኝ። ሦስተኛው ጊዜ ይመኙሻል ናት አልኸኝ። ዛሬ ደግሞ ተመልሰህ የውብዳር። ሁሉንም ጊዜ እናትህ ጥጥ ስትፈትል ነው የምትነግርህ።"

"ለማን ነገርሽ?"

"ለማን እነግራለሁ።"

እኔ እንዲህ ሆኜ፣ እሷ ሁሉንም ብቻዋን ይዛ፣ መሠረት ስትመጣ ምሳ ታቀርብላት ነበር። "ታዲያ እውነተኛዋ የትኛዋ ናት?" አልኋት። ከመለሰችልኝ የማርፍ መሰለኝ።

"እኔ የናንተን ዘር ምን አውቅልህና" አለች። "እሱን የምታውቀው አንተ ነህ።"

ከምስሩ ጠጠር እያወጣች ትጥላለች። እኔ አምስተኛዋን ደግሜ ፈለግሁ፤ ሦስቱም ሴቶች መጡ፤ ሦስቱም እውነት ይመስላሉ። እጇን ያዝሁና፣

"በእመቤቴ፣ ለመሠረት እንዳትነግሪያት" አልኋት።

"እሱንም ሁልጊዜ ትለኛለህ" አለችኝ።